ሲንጋፖር ለአራት ቀን፦ ምን እንብላ፣ የትኞቹን ሰፈሮች እንይ?

ጓዝ አሳሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ በቅርቡ ሲንጋፖር አራት ሙሉ ቀን እናሳልፋለን። የምንሄደው ለፎቁና ለገበያ አዳራሹ አይደለም፤ ለምግቡ ነው፣ ደግሞም ቻይናዊው፣ ማሌዩ፣ ሕንዱና ዓረቡ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ እንዴት ጎን ለጎን እንደሚኖር ለማየት ነው። የማነበው ሁሉ «ይህን ቅመሱ፣ ያን ቅመሱ» ይላል እንጂ እንዴት እንደሚታዘዝ፣ የት እንደሚቀመጡ፣ በስንት ሰዓት እንደሚኬድ አይናገርም።

ሆከር ሴንተር የሚሏቸው የምግብ አዳራሾች አሠራራቸው እንዴት ነው? ለአንድ ሰው በቀን ስንት ይበቃል? ሦስታችንም የአሳማ ሥጋ አንበላም። እናቴ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ ዓሣም አትነካም፤ ምን ልትበላ ትችላለች? ቤተ መቅደሶቹና መስጊዶቹ ጎብኚ ያስገባሉ ወይ? እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ እግር የማያስኬድ ቅደም ተከተል ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ሰንሰል

እህቴ፣ ከአሠራሩ ልጀምር፤ እሱ ከገባሽ ሌላው ይቀልሻል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር፣ ዓመቱን በፈረንጆቹ እጽፋለሁ፤ ዶላር ስል የሲንጋፖሩን ነው።

ሆከር ሴንተር ጣሪያ ያለው ግን ጎኑ ክፍት የሆነ አዳራሽ ነው። ጠባብ ጠባብ የምግብ ሱቆች በረድፍ ተደርድረዋል፣ መሃል ላይ የሁሉም የሆነ ጠረጴዛና ወንበር አለ። መንግሥት ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ መንገድ ዳር ምግብ የሚሸጡትን ሰዎች የቧንቧ ውኃና የፍሳሽ መስመር ወዳለበት አዳራሽ ሲያስገባ ነው የተስፋፉት። አሁን ከ110 በላይ ናቸው፤ ዩኔስኮም በ2020 ባህሉን በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ዋናው ነገር አንዱ ሱቅ የሚሠራው አንድ ወይም ሁለት ምግብ ብቻ መሆኑ ነው። የሠላሳ ዓይነት ምግብ ፎቶ ለጥፎ የሚጣራውን ሱቅ እለፊው። ሦስት መስመር ብቻ ተጽፎበት የሰፈሩ ሽማግሌዎች የተሰለፉበት ይሻልሻል።

ስትገቡ መጀመሪያ ቦታ ያዙ። ጠረጴዛ ላይ የሶፍት እሽግ ወይም ጃንጥላ ካየሽ ተይዟል ማለት ነው፤ ማንም አያነሳውም፣ እናንተም አታንሱት። እናትሽ ቁጭ ብለው ቦታውን ቢጠብቁ እናንተ ሁለታችሁ ወደ ተለያየ ሱቅ መሄድ ትችላላችሁ። ጠረጴዛው ላይ የተጻፈውን ቁጥር በቃል ያዙት፤ አንዳንዱ ባለሱቅ ቁጥሩን ጠይቆ ራሱ ያመጣላችኋል። «ሰልፍ ሰርቪስ» ብሎ የጻፈው ግን አያመጣም፤ ቆማችሁ ትቀበላላችሁ። ሒሳብ የሚከፈለው ስታዝዙ ነው። መጠጥ ለብቻው ሱቅ አለው፤ የሩዙ ሱቅ ውስጥ ሻይ ብትጠይቂ እጁን ወደዚያ ይጠቁምሻል።

በልታችሁ ስትጨርሱ ትሪውን ከነሳህኑ ወደ መመለሻው መደርደሪያ ትወስዳላችሁ። ይህ የፈቃደኝነት ነገር አይደለም። ከመስከረም 2021 ጀምሮ በሕግ ያስቀጣል፦ መጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ 300 ዶላር። መደርደሪያው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ የሐላል ሱቆች ዕቃ፣ ሌላው የቀሩት ሱቆች ዕቃ የሚመለስበት። የአሳማ ሾርባ የነበረበትን ሳህን ሐላሉ ላይ ማስቀመጥ ሰውን ማስቀየም ስለሆነ ጽሑፉን አንብቡ።

ስለ ገንዘብ፦ ብዙ ሱቆች ላይ የተለጠፈው ኪው አር ኮድ የአገሩን ባንክ ሒሳብ የሚጠይቅ ነው፤ በእንግዳ ስልክ ብዙ ጊዜ አይሠራም። የባንክ ካርድም በየሱቁ አይወሰድም። ስለዚህ ባለ 2፣ ባለ 5ና ባለ 10 ዶላር ኖት በኪሳችሁ ይኑር። የ5 ዶላር ምግብ በጠዋቱ በመቶ ኖት ለመክፈል መሞከር ሰልፉን ሁሉ ያቆማል። አንድ ሳህን ምግብ ከ4 እስከ 7 ዶላር፣ ቡና ወይም ሻይ ከ1 ዶላር ተኩል እስከ 2 ዶላር ተኩል ብለሽ ያዢ። ሦስቴ እዚያ የሚበላ ሰው ከ25 እስከ 30 ዶላር ይበቃዋል። ምግብ ቤት ከገባችሁ ግን ዋጋው አጠገብ ሁለት የመደመር ምልክት መኖሩን እዩ። 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨመራል፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 9 በመቶ ግብር፤ 20 ዶላር የተባለው 23 ዶላር ከ98 ሳንቲም ይሆናል። ከዚህ በኋላ ጉርሻ አይጠበቅም።

ሰውን ባዶ ሆድ የሚመልሰው ሰዓት ነው። የጠዋት ምግብ የሚሠሩት ከቀኑ 8 ሰዓት ሳይደርስ ይዘጋሉ፤ የማታዎቹ ደግሞ ከ11 ሰዓት በፊት አይከፍቱም። ከ6 እስከ 7 ሰዓት ተኩል የቢሮ ሠራተኛው ይጎርፋል፤ 5 ሰዓት ላይ ብትደርሱ ግን ወንበርም ምግብም አለ። ሰኞ ብዙ ሱቅ ያርፋል። አዳራሹ ሙሉ በሙሉ ለጽዳት የሚዘጋበት ቀንም አለ፤ የአገሩ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዝርዝሩን በድረ ገጹ አስቀድሞ ያወጣል፣ ከመሄዳችሁ በፊት እዩት። የቻይና አዲስ ዓመት ከገጠማችሁ ደግሞ የቻይና ሱቆች ለቀናት ዝግ ናቸው።

ቅመም ቤት

ወደ ሰፈሮቹ ልሂድ። እንግሊዞች በ1822 ባወጡት የከተማ ፕላን ለየሕዝቡ የተለያየ ቦታ ሰጡ፤ ቻይናውያኑ ከወንዙ ማዶ፣ ማሌዮችና ዓረቦች የማሌዮቹ ሱልጣን ከሚኖርበት አጠገብ ካምፖንግ ግላም። ሊትል ኢንዲያ በፕላኑ አልነበረም፤ በኋላ በከብት ንግድ ዙሪያ ያደገ ነው። ዛሬ ሕዝቡ በብዛት የሚኖረው መንግሥት በሠራቸው ፎቆች ነው፤ ከ1989 ጀምሮ ደግሞ በየሕንጻው የየብሔረሰቡ ድርሻ በኮታ ተወስኗል። ስለዚህ የድሮዎቹ ሰፈሮች አሁን የጸሎት፣ የገበያና የወጥ ቤት ሰፈሮች ናቸው። በእኔ እምነት አንድን ሰፈር በትክክል ለማየት መንገዱ የጸሎቱን ቦታና የምግቡን ቦታ አንድ ላይ ማየት ነው፤ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ የሚራራቁት በመቶ ሜትሮች ነው።

ቻይናታውን ላይ ሳውዝ ብሪጅ ሮድን ያዙ። የጃማኤ መስጊድ፣ በ1827 የተመሠረተው ስሪ ማሪያማን የሂንዱ ቤተ መቅደስና በ2007 የተከፈተው የቡድሃ ጥርስ ቤተ መቅደስ በዚሁ መንገድ ላይ ናቸው፤ አዎ፣ የቻይናዎች ሰፈር መሃል። ማሪያማን ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት ስለሚዘጋ በጠዋት ጀምሩ። ጫማ ደጅ ላይ ይወልቃል፤ ድንጋዩ ፀሐይ ሲመታው እግር ስለሚያቃጥል ለእናትሽ ካልሲ ያዢላቸው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ በሦስቱም ቦታ ያስፈልጋል።

ከቡድሃው ቤተ መቅደስ ፊት ለፊት መንገዱን ስትሻገሩ ማክስዌል ፉድ ሴንተር አለ። እዚያ የሃይናን ዶሮ በሩዝ ብሉ። ዶሮው ሙሉውን ሊፈላ በደረሰ ግን በማይንተከተክ ውኃ ይበስላል፣ ወዲያው በረዶ ውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ቆዳው ለስላሳና የሚያሟልጭ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሩዙ በዶሮ ስብ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ከታመሰ በኋላ በራሱ በዶሮው መረቅ ይበስላል። እውነቱን ለመናገር ምግቡን የሚለየው ሩዙ ነው፤ ዶሮው ሳይቀርብ ሩዙን ብቻ ብትበሉ ሊበቃችሁ ይገባል። ሲያዝዙ «ኋይት» ወይም «ሮስትድ» ብለው ይመርጣሉ፤ የመጀመሪያው የተቀቀለው ነው። አጥንቱ አጠገብ ትንሽ ሮዝ ቀለም ቢታይ ጥሬ ነው ብላችሁ አትመልሱት። የሚሰጣችሁን ቀይ የሚጥሚጣና የሎሚ ማጣፈጫ ከጥቁሩ አኩሪ አተር ሶስ ጋር ቀላቅሉት።

ጉልበት ከፈቀደ ከዚያ ቴሎክ አየር ስትሪት ወደሚባለው ጎዳና ሂዱ። ቲያን ሆክ ኬንግ ቤተ መቅደስና ናጎር ደርጋ የሚባለው የደቡብ ሕንድ ሙስሊሞች መታሰቢያ በአንድ መንገድ ላይ ናቸው። ዛሬ በሰማይ ጠቀስ ፎቆች ተከበዋል እንጂ ሲሠሩ ባሕሩ ደጃፋቸው ድረስ ይመጣ ነበር። መርከበኛው ከጀልባ እንደወረደ በሕይወት መድረሱን ለማመስገን የሚገባባቸው ነበሩ። ባሕሩ በኋላ በአፈር ተሞልቶ ነው የራቀው።

ካምፖንግ ግላም ላይ የሱልጣን መስጊድን አትለፉት፤ የአሁኑ ሕንጻ በ1932 የተጠናቀቀ ነው። ቀና ብለሽ የወርቃማው ጉልላት ሥር ያለውን ጥቁር ቀለበት በደንብ እዪው፤ ቀለም አይደለም፣ የጠርሙስ ቂጥ ነው። ገንዘብ ለማዋጣት አቅም ያልነበራቸው የሰፈሩ ድሆች ጠርሙስ አዋጥተው የተሠራ ነው። ዓርብ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ በሌላው ቀን በጸሎት ሰዓት መካከል ይገባል፣ መሸፈኛ ልብስም በር ላይ ያውሳሉ። ከመስጊዱ ጀርባ ኖርዝ ብሪጅ ሮድ ላይ ሙርታባክ ይሠራል፤ ሊጥ በእጅ ተወርውሮ እንደ ጨርቅ ይሳሳና የተፈጨ በግ፣ ሽንኩርትና እንቁላል ታጥፎበት ምጣድ ላይ ይጠበሳል። ዛም ዛም የሚባለው ቤት ከ1908 ጀምሮ አለ። ትንሹ መጠን ለሁለት ሰው ይበቃል።

ሊትል ኢንዲያ ላይ ቴካ ሴንተር ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም። ግማሹ የሥጋ፣ የዓሣና የአትክልት ገበያ፣ ግማሹ ምግብ፣ ፎቁ ላይ ሳሪ ይሸጣል። በአቅራቢያው ሬስ ኮርስ ሮድ ላይ የዓሣ ጭንቅላት ካሪ የሚሠሩ ምግብ ቤቶች አሉ፤ አንዱ ጭንቅላት ለሦስት ሰው ነው። በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርባል፣ በቀኝ እጅ ይበላል። ስትጨርሱ ቅጠሉን ወደ ራሳችሁ እጠፉት፤ ጠገብን፣ ጥሩ ነበር ማለት ነው።

አንድ ለእኛ ሰዎች የሚገባ ቦታ ልጨምር፦ ሂል ስትሪት ላይ ያለው የአርመን ቤተ ክርስቲያን። በ1835 የተሠራ፣ በከተማው ካሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የቀደመ፣ የእኛዋ እህት ቤተ ክርስቲያን ነው። ትንሽና ጸጥ ያለ ነው፣ መግቢያ አይከፈልም፤ እናትሽ ዐረፍ ሊሉበት ይችላሉ። እዚያው አጠገብ አርመኒያን ስትሪት ላይ የፔራናካን ሙዚየም አለ፤ ከውጭ መጥተው ከአካባቢው ሰው ጋር ተጋብተው የራሳቸውን ልብስ፣ ቋንቋና ወጥ ቤት የፈጠሩ ቤተሰቦችን ኑሮ ያሳያል።

የጾም ወጥ

የምግቡን ክልክል እኔ ልመልስ፤ «ቬጂቴሪያን» የሚለውን ቃል አምኖ መቀመጥ አያዋጣም።

መጀመሪያ አሳማ። ስሙ ውስጥ «ባክ» ያለበት ምግብ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ባክ ኩት ቴ፣ ባክ ቾር ሚ። የማይታየው ደግሞ የአሳማ ስብ ነው። ቻር ክዌይ ቲያው የሚባለው ጥብስ ኑድል በስቡ ይጠበሳል፣ ሆክየን ሚ የሚሉት ኑድል መረቁ ብዙ ጊዜ ከአሳማ አጥንትና ከሽሪምፕ ነው፣ ዋንተን ሚ የሚሉት ኑድልም አሳማ አለበት። «ኖ ፖርክ ኖ ላርድ» የሚል ጽሑፍ አሳማም ስቡም የለም ማለት ነው፤ ሐላል ነው ማለት ግን አይደለም። ሐላል የሆነው የሙስሊም ምክር ቤቱን የምስክር ወረቀት ይሰቅላል። በምትበሉት ሥጋ ላይ የራሳችሁ ጥንቃቄ ካላችሁ ሁለቱን ምልክቶች ለይታችሁ እወቁ።

ለጾም የሕንድ ምግብ ይቀድማል። ለእናትሽ የማዝዝላቸው ኢድሊና ቶሳይ ነው። የሁለቱም ሊጥ ሩዝና ጥቁር ምስር ተፈጭቶ ሲቦካ ያደረ ነው፤ ኢድሊው በእንፋሎት ስለሚበስል ቅባት አይነካውም፣ ቶሳዩ ምጣድ ላይ ይጋገራል፣ ጎምዘዝ ስለሚል አፋቸው ይለምደዋል። አደጋው እዚህ ጋ ነው፦ ብዙ ቤት ቶሳዩን የሚቀባው ጊ በሚሉት የተነጠረ ቅቤ ነው። ሲያዝዙ «ኖ ጊ፣ ኖ ሚልክ» ብለሽ በዘይት አሠሪ። አብሮ የሚመጣው ሳምባር የምስርና የአትክልት ወጥ ነው፤ ነጩ የኮኮናት ማባያ ግን አንዳንድ ቤት እርጎ ይገባበታልና ጠይቂ። ለሕንዶች ወተትና ቅቤ ከቬጂቴሪያን አይወጡም፣ ሮቲ ፕራታም ሊጡ ውስጥ ቅቤ ወይም ወተት ስላለበት ለጾም አይሆንም።

የቡድሂስት የአትክልት ሱቆች ደግሞ ሥጋ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት አያስገቡም፤ እንቁላልና ወተት ግን ያለባቸው አሉ። ከአኩሪ አተርና ከስንዴ የሚሠራው የሥጋ አምሳያ አንዳንዱ በእንቁላል ነጭ የሚያያዝ ስለሆነ ካልተረጋገጠ ቶፉ፣ እንጉዳይና ቀጭን የሩዝ ኑድል ይበቃል።

የተቀረው ወጥመድ የባሕር ነው። ሳምባል የሚሉት ቀይ ማባያ ውስጥ የሽሪምፕ ድቁስ አለ፣ በሳምባል የተጠበሰ ጎመንም እንደዚያው፤ ላክሳ የሚሉት የኑድል ሾርባ መረቁ ከደረቀ ሽሪምፕ ነው፣ ንጹሕ የሚመስለው የአትክልት ሾርባ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ትንሽ ዓሣ የወጣ ነው። ሌይ ቻ የሚባለውን ሃካ የሚሏቸው ቻይናውያን ምግብ ፈልጉ፤ ሩዝ ላይ ስድስት ሰባት ዓይነት የተከተፈ አትክልት፣ ኦቾሎኒና ቶፉ፣ ከጎኑ ከሻይ ቅጠልና ከበሶብላ ዘመዶች የተፈጨ አረንጓዴ ሾርባ። ላዩ ላይ የደረቀ ዓሣ እንዳይነሰነስ ከማዘዛችሁ በፊት ተናገሩ፣ በኋላ አይለቀምም።

እናትሽ 9 ሰዓት ላይ የሚፈቱ ከሆነ ሰንሰል የጻፈውን ልብ በይ፤ ያ ሰዓት አዳራሹ ባዶ የሚሆንበት ነው። ሴራንጉን ሮድ ላይ ያሉት የደቡብ ሕንድ የአትክልት ምግብ ቤቶች ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። ኮማላ ቪላስ ከ1947 ጀምሮ እዚያው ነው።

ጓዝ አሳሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ሁሉ አልጠበቅሁም። ቀኖቻችን ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ናቸው። እናቴ ያለ ቡና አትሆንም፤ የአገሩ ቡና እንዴት ይታዘዛል? የማክስዌል ታዋቂው የዶሮ ሱቅና ቺሊ ክራብ የሚሉት በሚያቃጥል ሶስ የሚሠራው ሸርጣንስ ሰልፉና ዋጋው ይገባቸዋል? ማረፊያችንስ የት ይሁን?

ስኒ

ቡናው «ኮፒ» ነው የሚባለው፣ ትዕዛዙም ቃል በመጨመር ይሄዳል። «ኮፒ» ብቻ ካልሽ በጣፋጭ የታሸገ ወተት ይመጣል። «ኮፒ ኦ» ጥቁር ከነስኳሩ፣ «ኮፒ ሲ» ባልጣፈጠ የታሸገ ወተትና በስኳር። «ኮሶንግ» ከጨመርሽ ስኳር የለውም፣ «ሲዩ ዳይ» ስኳር ይቀንሳል፣ «ጋው» ያወፍረዋል፣ «ፔንግ» በረዶ ይጨምራል። ለእናትሽ «ኮፒ ኦ ኮሶንግ ጋው» ነው የሚስማማቸው። ሻይም በዚሁ ሥርዓት ነው፣ «ኮፒ» የሚለውን በ«ቴ» መተካት ብቻ።

ሁለት ነገር አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ፍሬው በአብዛኛው ሮቡስታ ነው፤ መራራና ወፍራም እንጂ የእኛ ዓይነት ሽታ የለውም። ሁለተኛው ለጾም ነው፦ ባህላዊው አቆላል ስኳርና ማርጋሪን፣ አንዳንዴም ቅቤ ይገባበታል። ጥቁር ቢሆንም የፍስክ ሊሆን ይችላል። ረቡዕና ዓርብ ከዘመናዊ ካፌ በማሽን የወጣ ጥቁር ቡና ይጠጡ፣ ወይም የተፈጨ ቡናችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሚዛን

ስለ ሰልፉ፦ አራት ቀን ላለው ሰው አንድ ሰዓት ለአንድ ሳህን ዶሮ መቆም አያዋጣም። ምግብ ቤቶችን የሚመዝነው የሚሽሊን መጽሐፍ በ2016 ከተማዋን ማካተት ከጀመረ ወዲህ ጥቂት ሱቆች ላይ ሰው ይጎርፋል፤ እዚያው ማክስዌል ውስጥ ሌሎችም የሃይናን ዶሮ ሠሪዎች አሉ፣ የሰፈሩ ሰው ከእነሱ ነው የሚበላው። ከ5 ሰዓት በፊት ደርሳችሁ ሰልፉ አጭር ከሆነ ታዋቂውን ሞክሩ፣ ካልሆነ እለፉት።

ሸርጣኑ የሚሸጠው በኪሎ ነው። ዝርዝሩ ላይ ዋጋው ሳይጻፍ «የወቅቱ ዋጋ» ይላል፤ ጭቅጭቅ የሚነሣው ከዚህ ነው። የኪሎውን ዋጋና የሸርጣኑን ክብደት ሁለቱንም ጠይቃችሁ፣ አባዝታችሁ፣ ከዚያ እሺ በሉ። ጠረጴዛ ላይ ሳታዝዙ የሚቀመጠው ኦቾሎኒና እርጥብ ሶፍት ይከፈልበታል፤ ካልፈለጋችሁ መልሱት። ሶሱ ከቅርፊቱ ይልቅ ስለሚጣፍጥ ማንቶ የሚሉትን የተጠበሰ ዳቦ እዘዙበት። በእኔ ሚዛን ግን በዚያ ገንዘብ ሦስታችሁ ሁለት ቀን ሆከር ሴንተር ትበላላችሁ።

ማረፊያ ሊትል ኢንዲያ ወይም ቻይናታውን፣ የባቡር ጣቢያ አጠገብ። በሐምራዊው መስመር ከአንዱ ሌላው ጋ ሦስት ጣቢያ ነው፣ ሁሉም ጣቢያ አሳንሰር አለው። የቪዛ ወይም የማስተርካርድ ንክኪ ካርድ በር ላይ በቀጥታ ይሠራል፤ የውጭ ካርድ በተጠቀማችሁበት ቀን 60 ሳንቲም ይጨመርበታል። አለዚያ ኢዚ ሊንክ ካርድ በ10 ዶላር ይገዛል፣ 5ቱ ለጉዞ የሚሆን ነው። ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ካርድ ያስፈልጋል፤ አንዱን ለሁለት ሰው አትንኩ። ባቡር ውስጥ መብላትና መጠጣት፣ ውኃም ቢሆን፣ እስከ 500 ዶላር ያስቀጣል።

ወደብ

የድንበሩን እኔ ልጨምር። ሁላችሁም የመግቢያ ካርዱን ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ በኢሚግሬሽኑ ድረ ገጽ ትሞላላችሁ። ነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ከገጠማችሁ የመንግሥቱ አይደለም። ከኢትዮጵያ በቀጥታ የምትነሡ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ ክትባቱም ከተወጋችሁ 10 ቀን ሳይሞላው አይቆጠርም።

ሻንጣው ውስጥ ቋንጣ አታስገቡ፤ ከእኛ አገር ሥጋ ማስገባት አይቻልም። ሽሮና በርበሬ ከሆነ ታሽጎ ስሙ ይጻፍበት። ማስቲካና የኤሌክትሪክ ሲጋራ ክልክል ናቸው፤ ሲጋራ ከአንዲት ፍሬ ጀምሮ ቀረጥ ስላለው ማስመዝገብ ግድ ነው። ጫት ደግሞ ለማንም ብላችሁ እንዳትይዙ፤ በውስጡ ያለው ካቲኖን እዚያ ከተከለከሉ ዕፆች ዝርዝር ውስጥ ነው፣ ሕጋቸውም ይቅርታ አያውቅም።

ቅመም ቤት

ቀኖቹን ስለነገርሽን ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጊው። ማክሰኞ ቻይናታውን፤ ሰኞ ያረፉት ሱቆች ተከፍተዋል። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ሊትል ኢንዲያ፤ ቤተ መቅደሶቹ እዚያም ቀትር ላይ ስለሚዘጉ ወይ ጠዋት ወይ ማታ ግቡ፣ እናትሽ በ9 ሰዓት ቶሳያቸውን ይብሉ። ሐሙስ ጠዋት የአርመን ቤተ ክርስቲያንና ሙዚየሙ፣ ከሰዓት ካምፖንግ ግላም፤ መስጊዱን ወደ ዓርብ ካሻገራችሁት በር ላይ ትመለሳላችሁ። ሐሙስ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ላው ፓ ሳት ሂዱ። ምግቡ ከሌላው አዳራሽ ይወደዳል፣ ግን የ1894ቱ የብረት አዳራሽ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ማታ ጎኑ ያለው ቡን ታት መንገድ ለመኪና ተዘግቶ ሳታይ የሚሉት እንጨት ላይ የተሰካ ሥጋ በከሰል ይጠበሳል። የዶሮ፣ የበግና የበሬ በቁጥር ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜ ከአሥር እንጨት አያንስም። ጥሪ የሚያሰሙትን ልጆች ትታችሁ ራሳችሁ ሱቁ ፊት ሄዳችሁ እዘዙ።

ዓርብ ዋተርሉ ስትሪት፤ ከቡጊስ ጣቢያ ቅርብ ነው፣ ዋናው ክፍሉ መኪና አይገባበትም። የቻይናዎቹ የጓን ዪን ቤተ መቅደስና የሂንዱዎቹ ስሪ ክሪሽናን ጎረቤት ናቸው፤ ቻይናውያኑ ከአንዱ ጸልየው ሲወጡ ሂንዱው ደጃፍ ላይ ባለው ማሰሮም ዕጣን ሰክተው ሲሰግዱ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። ትንሽ ወረድ ብሎ በ1878 የተሠራ ምኩራብ አለ። ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ያለው ፉ ሉ ሾው ሕንጻ ውስጥ የጾም ወጥ የጠቀሳቸው ዓይነት የአትክልት ምግብ ቤቶች አሉ፤ እናትሽ እዚያ ይፍቱ፣ እንቁላልና ወተት መኖሩን ግን አሁንም ጠይቁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በድንገት ይወርድና በአንድ ሰዓት ያባራል፤ ጃንጥላ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ ለእሳቸው ጎማው የማያንሸራትት ጫማ።